ሴሬስን ከጎንደር ሰማይ ላይ እንከታተላት፦ ማን ባይኖኩላር አለው?

የማራኪዋ
መስከረም 8 ቀን 2018፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ደመናው እየሳሳ ነው። ጎንደር ላይ ሰማዩ ማታ ማታ መከፈት ጀምሯል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ይዤ መጣሁ።

ሴሬስ የምትባለው አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር፣ ከፕላኔቶች ያነሰች የሰማይ አካል) በዚህ ወር ወደ ምድር ቀረብ ትላለች። መስከረም 22 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2025) ፀሐይ በአንድ በኩል፣ ሴሬስ በሌላ በኩል፣ ምድር መሐል ላይ ይሆናሉ። ያን ሰሞን ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፣ እስኪነጋ ሰማይ ላይ ናት። ቀረበች ስል እንግዲህ 293 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃኗ 7.6 ማግኒቲዩድ አካባቢ ይደርሳል። ይህ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ይደክማል። ዓይን ጥሩ ጨለማ ላይ የሚያየው እስከ 6 ገደማ ያለውን ነው። ስለዚህ በባዶ ዓይን አትታይም፤ በተራ 10 በ50 ባይኖኩላር ግን ትገኛለች።

አንድ ሌሊት አይቼ ልተዋት አልፈልግም። ቦታዋን ወረቀት ላይ ምልክት እያደረግን ከመስከረም እስከ ጥቅምት የሄደችበትን መንገድ ብንስለው እላለሁ። የሒሳብ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ምህዋር የሚባለውን ነገር በገዛ እጃቸው በሳሉት መስመር ላይ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ቤቴ ማራኪ ነው፣ የመንገድ መብራት አለ። ከዚህ ይታያል? ወረቀቱንስ እንዴት ላዘጋጅ? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በባይኖኩላር ሲታይ ሁሉም ነጥብ ነው። ከዚያ ሁሉ መሐል እሷ የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቃለሁ? የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ።


ፊዚክስ_ወዳጅ
መስከረም 8፣ ማታ 2፡51

እህቴ፣ ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ካርታ አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚው። ከተማውን ጎንደር በይው፣ ሴሬስ ብለሽ ፈልጊ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አዙሪ። አለቀ። ወረቀት በዚህ ዘመን ለምን ያስፈልጋል?


የማራኪዋ
መስከረም 8፣ ማታ 3፡05

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አፑ አለኝ፣ እጠቀምበታለሁም። አፑ የት መሆን እንዳለባት ይነግረኛል። የት እንዳየኋት የምናገረው ግን እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ እንዲለምዱ የምፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው።


ቁስቋም_ማዶ
መስከረም 9፣ ጠዋት 3፡40

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ዕድሜዬን የሠራሁት ቀያሽ ሆኜ ነው። ቴዎዶላይት ተሸክሜ ከወገራ እስከ ደንቢያ ዞሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምለካው ሰማዩን ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ቦታሽን እወቂ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ገደማ። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ይህ ለእኛ ትልቅ ስጦታ ነው። ሴሬስ በዚህ ሰሞን ከሰማይ ወገብ በስተ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ላይ ስላለች፣ ሌሊት ከፍ ስትል ከእኛ አድማስ 67 ዲግሪ ገደማ ላይ ትደርሳለች። ለንደን ላይ ያለ ሰው በ28 ዲግሪ ግድም ነው የሚያያት፤ አድማስ አጠገብ ያለው ወፍራም አየርና ጭጋግ ይጋርዳታል። አንቺ ቀና ብለሽ ታይያታለሽ። ስለዚህ የማራኪ መብራት አያስፈራሽ። መብራቱ በቀጥታ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ ግድግዳ ተከለዪ፣ ያ ይበቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ በመስከረም ከማታ 4 ሰዓት በፊት አትድከሚ። ገና ዝቅ ብላ ነው የምትገኘው። 5 እና 6 ሰዓት ላይ በጣም ጥሩ ነው።

አሁን መንገዱን ልምራሽ። ወደ ምሥራቅ ስትመለከቺ ቢጫ የሚመስል፣ የማይርገበገብ ደማቅ ነገር ታያለሽ። ሳተርን ነው። ከእሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ብቻዋን የቆመች ደህና ደማቅ ኮከብ አለች። ደነብ ቃይጦስ ትባላለች፤ ሴቱስ በሚባለው የዓሣ ነባሪ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ከሁሉም የምትደምቀው እሷ ናት። ክንድሽን ዘርግተሽ እጅሽን ጨብጪ። የጭብጡ ስፋት ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከደነብ ቃይጦስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ጭብጥ ስትሄጂ ኤታ ሴቲ የምትባል መካከለኛ ኮከብ ታገኛለሽ። በዓይን ትታያለች። ባይኖኩላርሽን እሷ ላይ አድርጊ። በዚህ ሳምንት ሴሬስ ከእሷ ብዙም አትርቅም።

ከዚያ ዝም ብለሽ ሳዪ። የ10 በ50 ባይኖኩላር እይታ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ነው። ወረቀት ላይ በሰሃን አንድ ትልቅ ክብ አድርጊ። በመጀመሪያ ደማቆቹን ሦስት አራት ኮከቦች አስቀምጪ። ሦስት ማዕዘን ይሠሩልሻል። ደካሞቹን ከዚያ ሦስት ማዕዘን አንጻር አስገቢ። እኛ ቀያሾች ያልታወቀ ነጥብን ከታወቁ ነጥቦች ነው የምንይዘው፤ ሰማይም ላይ ሥራው ያው ነው። ሴሬስን ለመለየት አትቸኩዪ። ሁሉንም ሳዪ። ቀንና ሰዓት ጻፊ፣ ሰሜን ወዴት እንደሆነ ቀስት አድርጊ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ማታ ያንኑ ቦታ እንደገና ሳዪ። ኮከቦቹ እንዳሉ ናቸው። አንዷ ነጥብ ግን ቦታዋን ለቃለች። መለያዋ እንቅስቃሴዋ ብቻ ነው። መልኳ ምንም አይነግርሽም። 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ዓለም ናት፣ በባይኖኩላር ግን ከማንኛዋም ደካማ ኮከብ አትለይም።

የምትሄደው በአንድ ቀን ከሩብ ዲግሪ ትንሽ ያነሰ ነው። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ስለምትሰፋ፣ በሁለት ቀን ከአንድ ጨረቃ ስፋት ትንሽ ያንሳል ማለት ነው። ለጀማሪ ሦስት ቀን ቢያሳልፍ ይሻላል፣ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ያገኛት ሰው የሠራው ይህንኑ ነው። ጁዜፔ ፒያዚ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1801 ሲሲሊ፣ ፓሌርሞ ላይ የኮከቦችን ዝርዝር እያዘጋጀ ሳለ አንዲት ደካማ ነጥብ መዘገበ። በማግስቱ ሲመለስ ቦታዋን ለውጣለች። በሚቀጥለውም ሌሊት እንደዚያው። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ ናት ብሎ ነበር። አስትሮይድ የሚባል ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አያውቅም ነበር።


የማራኪዋ
መስከረም 9፣ ቀን 6፡15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን አትሜ ለተማሪዎቼ አድላለሁ።

የፒያዚን ታሪክ ካነሱት ደግሞ የእኛን የሒሳብ ሰዎች ድርሻ ልጨምር። ፒያዚ እስከ ፌብሩዋሪ 11 ድረስ ከተከታተላት በኋላ ወደ ፀሐይ ተጠግታ ጠፋች። ከወራት በኋላ በሌላ በኩል ስትወጣ የት ትፈለግ? ያንን ያሰላው የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ ካርል ጋውስ። በእጁ የነበረው የስድስት ሳምንት ያህል ልኬት ብቻ ነው፤ ምህዋሩ ግን ዓመታት የሚፈጅ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፎን ዛክ ጋውስ ባመለከተው አካባቢ ፈልጎ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 አገኛት። ጥቂት ግን በጥንቃቄ የተመዘገበ ነገር ምን ያህል ርቀት እንደሚወስድ ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።


ሰሜን_ልጅ
መስከረም 9፣ ቀን 8፡02

ሴሬስ አስትሮይድ አይደለችም። ድንክ ፕላኔት ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 ተወስኗል።


ቁስቋም_ማዶ
መስከረም 9፣ ቀን 9፡30

ልክ ነህ ልጄ፣ በ2006 ከፕሉቶ ጋር በዚያ ስም ተመድባለች። የምትዞረው ግን በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ነው፣ ከዚያም ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። አስትሮይድ ቢሏትም የሚከለክል የለም። ፍለጋውን አይለውጠውም።


አዘዞ_በር
መስከረም 10፣ ማታ 4፡48

አሁን አየኋት! ወደ ደቡብ ስመለከት አንዲት ነጥብ ቀስ ብላ ስትጓዝ ነበር። በሁለት ሦስት ደቂቃ ከዚህ ወዲያ ሄደች። በዓይን ነው ያየኋት።


ፊዚክስ_ወዳጅ
መስከረም 10፣ ማታ 4፡55

ወንድሜ፣ እሱ ሳተላይት ነው። ዓይንህ እያየ በደቂቃ ውስጥ የሚጓዝ፣ የማይርገበገብ ነጥብ ሳተላይት ነው። በሰከንድ ውስጥ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው የሰማይ አለት ስባሪ ሲቃጠል ነው። ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም የሚለው አውሮፕላን ነው። ሴሬስ ግን ሰዓት ሙሉ ብታፈጥባትም ስትንቀሳቀስ አታያትም። ስትሄድ ሳይሆን ሄዳ ነው የምታገኛት።


አዘዞ_በር
መስከረም 10፣ ማታ 5፡01

ገባኝ። ባይኖኩላር ከአጎቴ እዋሳለሁ።


የአቋቋም_ተማሪ
መስከረም 11፣ ጠዋት 2፡10

ወገኖቼ፣ ስለ ሰዓት አንድ ነገር ካልተናገርን መዝገባችን ሁሉ ይዘበራረቃል። የፈረንጆቹ የአስትሮይድ ሠንጠረዥ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ በሀገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ቀላል ነው። ከማታ 1 ሰዓት ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ በእኛ ሰዓት ላይ 15 ደምሩ። ማታ 4 ሰዓት ያያችሁትን 19 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ። ከሌሊት 9 ሰዓት እስከ ንጋት ደግሞ 9 ቀንሱ። ሌሊት 10 ሰዓት 1 ሰዓት ይሆናል።

ቀኑም አለ። የአስትሮይድ ልኬቶችን የሚሰበስበው ማይነር ፕላኔት ሴንተር በሚያወጣው ሠንጠረዥ 0 ሰዓት የሚባለው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ የፈረንጅ ቀን ስትጽፉ እስከ ሌሊት 9 ድረስ ያመሻችሁበትን ቀን ያዙ። በእኛ አነጋገር ደግሞ “ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ” ብላችሁ ብትጨምሩ ማንም አይሳሳትም። ሩብ ዲግሪ የምትሄድን ነገር ለመከታተል የቀን ስሕተት ከባድ ነው።


ቁስቋም_ማዶ
መስከረም 11፣ ጠዋት 4፡25

ተባረክ። በዚህ ከተማ ሰማይን በሥርዓት መለካት እንግዳ ነገር አይደለም። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ኳድራንትና ቴሌስኮፕ ይዞ ነበር። የከተማዋን ኬክሮስ የለካው በኮከብና በፀሐይ ነው። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ከእሱ በፊትም በኋላም በዓላትን ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የዘመን ስሌት ሲያወጡ ኖረዋል።


እናት_ወገራ
መስከረም 11፣ ቀን 7፡00

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ስለ አስትሮይድ ስሰማ ይጨንቀኛል። ባለፈው ዓመት ምድርን ሊመታ ነው ሲባል ነበር። ልጆቼ ስልክ ላይ አይተው ሌሊት አልተኛም አሉኝ። እናንተ የምትከታተሉት እሱን ነው? መቶኛው ከቀን ወደ ቀን ሲጨምር ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ጠፋ አሉ። እንዴት ነው ነገሩ?


የማራኪዋ
መስከረም 11፣ ቀን 8፡20

እትዬ፣ አይጨነቁ። ሴሬስ ከእኛ በጣም ሩቅ ናት፣ ወደ ምድርም አትመጣም።

ያ የሰሙት 2024 ዋይአር4 የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2024 ቺሊ ውስጥ ባለ ቴሌስኮፕ ተገኘ። በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ ፌብሩዋሪ ላይ እስከ 3.1 በመቶ ደረሰ። በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ምንም ተጠጋ። የሆነው እንዲህ ነው። አንድ አስትሮይድ ገና ሲገኝ ቦታው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የተለካው። ስለዚህ ወደፊት ሊያልፍበት የሚችለው ቦታ ሰፊ ነው፣ ምድርም በዚያ ሰፊ ቦታ ውስጥ ልትገኝ ትችላለች። ልኬቱ ሲጨምር ያ ቦታ ይጠባል። ምድር ገና ውስጡ ካለች ከጠበበው ቦታ ላይ የያዘችው ድርሻ ይጨምራል። ለዚህ ነው መቶኛው ሲያድግ የነበረው። ሌላ ልኬት ሲጨመር ግን ምድር ከዚያ ክልል ውጭ ሆነች፣ ቁጥሩም ወረደ። አለቱ መንገዱን አልለወጠም። የተለወጠው የእኛ እውቀት ነው።

ለልጆችዎ ይህን ይንገሯቸው። ማታ ማታ ቁጭ ብለው የሚለኩ ሰዎች ስላሉ ነው መልሱ የተገኘው።


እናት_ወገራ
መስከረም 11፣ ቀን 8፡41

እፎይ። ተባረኪ ልጄ። ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።


ሰሜን_ልጅ
መስከረም 11፣ ማታ 1፡30

እና አፖፊስ የሚባለው አስትሮይድስ? እሱ እኮ በእውነት እየመጣ ነው።


ቁስቋም_ማዶ
መስከረም 11፣ ማታ 2፡45

አዎ፣ እየመጣ ነው፣ አይመታም ግን። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲገኝ አስፈርቶ ነበር፤ ዕድሉ 2.7 በመቶ እስከ መባል ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በራዳር ከተለካ በኋላ ቢያንስ ለ100 ዓመት ስጋት እንደሌለ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2029 ከምድር ወለል 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልፋል። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች የሚዞሩት 36,000 ላይ ነው፤ ከእነሱ ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ስፋቱ 340 ሜትር ያህል ነው። ብርሃኑ 3 ማግኒቲዩድ አካባቢ ይደርሳል። አፍሪካና አውሮፓ ላይ በባዶ ዓይን ይታያል። ይህ ዕድል ለእኛ ደርሶናል!

የክትትሉ ዘዴ ግን ከሴሬስ ይለያል። ሴሬስ ሩቅ ስለሆነች ከጎንደርም ከኬፕታውንም ብትታይ ቦታዋ አንድ ነው ማለት ይቻላል። አፖፊስ ያን ሌሊት ቅርብ ስለሚሆን ሁለት ከተማ ያሉ ሰዎች በተለያዩ ኮከቦች መሐል ያዩታል፣ ልዩነቱ ብዙ ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ለአዲስ አበባ ወይም ለናይሮቢ የተሠራ ሠንጠረዥ ለእኛ አይሠራም። የናሳው የሰማይ አካላት ቦታ ማስያ፣ ሆራይዘንስ፣ የራስን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይቀበላል፤ የጎንደርን አስገብታችሁ አውጡ። ፍጥነቱም ሲቀርብ በሰዓት 42 ዲግሪ ይደርሳል። እሱን ዓይን እያየው ይሄዳል።


የአቋቋም_ተማሪ
መስከረም 11፣ ማታ 3፡30

ቀኑን አወጣሁት። ኤፕሪል 13 ቀን 2029 በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ነው፣ ዓርብ። በጣም የሚቀርብበት ሰዓት በግሪንዊች 21፡46 ስለሆነ ለእኛ ሌሊት 6፡46 ነው፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ።

በባሕረ ሐሳብ ደግሞ የእኛ 2021 መጥቅዕ (በዓላት የሚወጡበት የዓመቱ ቁጥር) 15 ነው። መስከረም 15 ሰኞ ይውላል። የሰኞ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 6 ከ15 ጋር ሲደመር መባጃ ሐመር የሚባለው ድምር 21 ይሆናል። ስለዚህ የነነዌ ጾም ጥር 21 ይገባል። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 30፤ ፋሲካ መጋቢት 30 ማለት ነው። ስለዚህ አፖፊስ የሚያልፈው በፋሲካ ሳምንት፣ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በምትባለው ዓርብ ነው። ጾም የለም፣ ሰው ተሰብስቦ ያመሻል። ጨረቃም ያን ሌሊት አዲስ ስለሆነች ሰማዩ ጨለማ ነው። ደመና ካልከለከለ ጎንደር በሙሉ ከደጁ ሊያየው ይችላል።


ሰሜን_ልጅ
መስከረም 11፣ ማታ 3፡44

ይሄን ቀን ስልኬ ላይ መዘገብኩት። የአቋቋም ተማሪ፣ እጅህን ይባርከው።


ጉዳይ_አለኝ
መስከረም 12፣ ጠዋት 5፡10

ሰው ኑሮ ከብዶታል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ እናንተ ስለ ኮከብ ታወራላችሁ?


የማራኪዋ
መስከረም 12፣ ቀን 6፡40

የምትለው ይገባኛል፣ እኔም የምኖረው እዚሁ ነው። ተማሪዎቼ ግን በዚህ ሁሉ መሐል ነገ የሚጠብቁት ነገር ያስፈልጋቸዋል። “መምህር፣ ዛሬ ማታ ይጠራ ይሆን?” ብለው ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ይህን አልተውላቸውም።

ለሁሉም ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ ኮሶዬ ገደሉ ላይ እንሂድ፣ እዚያ ጨለማ ነው ያላችሁኝ አላችሁ። ቦታው ለዚህ በጣም ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን ሌሊት ከከተማ አትውጡ። ከግቢያችሁ፣ ከጣሪያችሁ እዩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከተማው ራሱ ጨለማ ነው፤ ያን ሰዓት ተጠቀሙበት።


ዳባት_ላይ
መስከረም 14፣ ማታ 5፡50

እኔ ባይኖኩላር የለኝም። ስልኬን ግን ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ የሌሊት ፎቶ ላይ አድርጌ፣ በሰዓት ቆጣሪ አነሳሁ። ጣት ሲነካው እንዳይነቃነቅ ነው ቆጣሪው። መስከረም 11 አንድ ፎቶ፣ ዛሬም በዚያው ሰዓት አካባቢ አንድ ፎቶ። ከኤታ ሴቲ በስተ ሰሜን በኩል አንዲት በጣም ደካማ ነጥብ አለች፣ በሁለተኛው ላይ ቦታዋ ሌላ ነው። ግን ፎቶው ላይ የስልኩ የራሱ ነጠብጣብም አለ። እንዴት ልለይ?


ፊዚክስ_ወዳጅ
መስከረም 14፣ ማታ 6፡05

በጣም ጥሩ! በአንድ ሌሊት አንድ ፎቶ ብቻ አታንሳ። ሦስት አራት በተከታታይ አንሳ፣ በየመሐሉ ስልኩን ትንሽ አዙረው። የስልኩ ነጠብጣብ ፎቶው ላይ ባለበት ይቀራል፣ እውነተኛው ነገር ከኮከቦቹ ጋር አብሮ ይዞራል። ከዚያ የሁለቱን ቀን ፎቶዎች አንድ ላይ ገጣጥመህ እያፈራረቅህ እያቸው። ኮከቦቹ ዝም ይላሉ፣ እሷ ትዘላለች።


የማራኪዋ
መስከረም 15፣ ማታ 4፡30

ተገኘች!

መስከረም 11 ማታ 5 ሰዓት ላይ ኤታ ሴቲን መሐል አድርጌ ሳልኩ። መስከረም 13 እንደገና ሳልኩ። ሁለቱን ወረቀቶች መስኮት ላይ ደርቤ በብርሃን አየኋቸው። ሁሉም ነጥብ ተገጣጠመ፣ ከአንዷ በስተቀር። ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ አዘንብላ ሄዳለች። ስቴላሪየምን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያቺው ናት።

ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሁለቱን ወረቀት ሰጥቼ ምንም ሳልናገር ልዩነቱን ፈልጉ አልኳቸው። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ ናት ቀድማ ያገኘችው። ከዚያ “ለምን ወደ ምዕራብ ሄደች? ፕላኔቶች ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄዱት ብለሽን አልነበር?” አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመስማት ነው ያስተማርኩት።


ቁስቋም_ማዶ
መስከረም 15፣ ማታ 5፡15

እሰይ! እሰይ ልጄ!

ለልጅቷ እንዲህ በያት። ሚኒባስ ውስጥ ሆና ባጃጅ ስትቀድም ባጃጁ ከዳር ካለው ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላታል። ባጃጁ ግን ወደ ፊት እየሄደ ነው። ምድር ፀሐይን በአንድ ዓመት ትዞራለች፣ ሴሬስ 4.6 ዓመት ይፈጅባታል። መሐል ላይ ስንሆን እየቀደምናት ነው። ለጊዜው ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ በኋላ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ትመለሳለች። እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ከተከታተላችሁ መመለሷን ወረቀታችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

አሁን የሚመጣው ችግር ጨረቃ ናት። ነገ ደመራ ነው፣ ጭሱም ብርሃኑም አለ፣ እሱ ለበጎ ነው። ከመስቀል በኋላ ግን ጨረቃ እየሞላች መጥታ መስከረም 27 ሙሉ ትሆናለች፣ ያውም ሴሬስ ባለችበት ሰማይ አካባቢ። በዚያ ሳምንት ደካማ ነጥብ መፈለግ ልፋት ነው። ጥቅምት 3 አካባቢ ጨረቃ ዘግይታ መውጣት ትጀምራለች። ከዚያ እስከ ጥቅምት 14 ድረስ ምሽቱ የእናንተ ነው። ያኔ ከማታ 3 ሰዓት ጀምሮ ከፍ ብላ ትገኛለች፣ ፊ ሴቲ በሚባሉት የሴቱስ ኮከቦች አጠገብ።


አዘዞ_በር
መስከረም 16፣ ጠዋት 1፡55

እኔም አገኘኋት፣ በአጎቴ ባይኖኩላር። አጎቴም አየ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ግድግዳ ላይ ክርኔን አስደግፌ ነው። ወረቀቴን እንዴት ላሳያችሁ?


የማራኪዋ
መስከረም 16፣ ጠዋት 2፡30

ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፈው። ሁላችሁም እንዲሁ አድርጉ፦ ክቡ፣ ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ በእኛም በግሪንዊችም፣ ያያችሁበት ቦታ። ጥቅምት ላይ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ካርታ ላይ አሰባስባለሁ። ያላገኛችሁበትንም ማታ ጻፉ፣ “ደመና ነበር” ማለትም መረጃ ነው።


ፊዚክስ_ወዳጅ
መስከረም 16፣ ጠዋት 3፡12

መምህርት፣ እኔም ዛሬ ወረቀት ገዝቻለሁ።

ለትምህርት ቤትሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ኢንተርናሽናል አስትሮኖሚካል ሰርች ኮላቦሬሽን የሚባል ፕሮግራም አለ። ሃዋይ ላይ ያለው ፓንስታርስ ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች ለተማሪ ቡድኖች በነፃ ይልካል። ያንኑ የሰማይ ክፍል በተለያየ ሰዓት ያነሱ ምስሎች ናቸው። ተማሪዎቹ አስትሮሜትሪካ በሚባል ሶፍትዌር እያፈራረቁ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ይፈልጋሉ፣ ቦታውን ለክተው ሪፖርት ይልካሉ። አንቺ ሁለት ወረቀት መስኮት ላይ ደርበሽ ያደረግሽው ያንኑ ነው። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ ይበቃል።


የማራኪዋ
መስከረም 16፣ ጠዋት 3፡40

ይሄንን አላውቅም ነበር! ኮምፒውተር ክፍላችን ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ግን እሞክራለሁ። ዝርዝሩን በውስጥ መስመር ላክልኝ።


ዳባት_ላይ
መስከረም 18፣ ማታ 2፡20

እንኳን ለመስቀል አደረሳችሁ። ከሴሬስ በኋላ የትኛዋን ነው የምንከታተለው? እዚህ ልጆች ተሰብስበው እየጠየቁኝ ነው።


ቁስቋም_ማዶ
መስከረም 18፣ ማታ 3፡00

ቬስታን። እ.ኤ.አ. በ1807 ኦልበርስ የሚባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ያገኛት አስትሮይድ ናት። ስፋቷ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ወለሏ ብርሃን በደንብ ስለሚመልስ ከሴሬስ ትደምቃለች። በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ እንደ ሴሬስ ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል ትሆናለች። ክረምቱ ወጥቶ ሰማይ የሚጠራበት ጊዜ ስለሆነ ለእኛ ይመቻል። ልጆቹን እስከዚያ ሴቱስንና በዙሪያዋ ያሉትን ኮከቦች አስተምራቸው፣ ቬስታም የምትመጣው እዚያው ሰፈር ነው። ለጊዜው ግን ጥቅምት 3 ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልክህን ድንጋዩ ላይ አስቀምጥና ፎቶውን ላክልን።